ግግሩ ሲሸከም

እንደምን አመሻችሁ። የሰው ስህተት ከመልቀም ይሻላልና ከራሴ ስህተት ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ምናባዊ ልብ ወለድ እጽፍ ነበር፤ ድራጎንም ጠንቋይም ያለበት፣ ከሽፋኑ ቀጥሎ ካርታ የሚታተምለት ዓይነት። አሥራ አንደኛው ምዕራፍ ላይ ትልቁን ጦርነት አመጣሁት። ስድስት ሺህ ጥሩር የለበሰ ፈረሰኛ በተጋገረ ሐይቅ ላይ ይጋልባል። ጀግናዬ ማዶ ቆሞ ይጠብቃል። ፈረሰኛው መሐል ሲደርስ ግግሩ ይሰነጠቃል፣ ስድስት ሺውም ከነፈረሱ ይሰጥማል። ስጽፈው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ረቂቁን ያነበበልኝ ወዳጄ ግን ከገጹ ዳር በእርሳስ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጽፎ መለሰልኝ፦ «እስከ መሐል ድረስስ ምን ተሸከማቸው?»

ልክ ነበር። ስድስት ሺህ ፈረስ እስከ ሐይቁ መሐል የተሸከመ ግግር፣ ለጀግናዬ ብሎ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ የሚከዳበት ምክንያት የለውም። መልስ ፍለጋ ወደ ታሪክ መጻሕፍት ገባሁ፤ ቶሎም አልወጣሁም። ዛሬ የማወራችሁ እዚያ ያገኘሁትን ነው። እኛ ጸሐፊዎች ግግር እንዲሰበርልን እንመኛለን። በእውነተኛው ጦር ሜዳ ላይ የነበሩት አዛዦች ግን አብዛኛውን ጊዜ የተመኙት እንዲሸከምላቸው ነው።

ስለ ቃላት አንድ ነገር ልበልና ልቀጥል። ዛሬ ክረምት ስል ዝናቡን ማለቴ አይደለም፤ ውሃ ድንጋይ የሚሆንበትን የሰሜኑን ወቅት ነው። «በረዶ» ደግሞ ብዙ ነገር በአንድ ከረጢት የከተትንበት ቃል ነው። ለግጥም ይመቻል፣ ለጦር ስልት ግን አይበቃም። ስለዚህ ከሰማይ እንደ ባዘቶ የሚወርደውን አመዳይ፣ ውሃ ላይ የሚጠነክረውን ግግር፣ የሚያንገበግበውን ብርድ ደግሞ ውርጭ እላለሁ። ወራቱና ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሚሰበረው ግግር ጭንቅላታችን ውስጥ ከየት ገባ? ከፔይፐስ ሐይቅ ይመስለኛል። ኤፕሪል 5 ቀን 1242 የኖቭጎሮዱ መስፍን አሌክሳንደር ኔቭስኪ በሊቮንያ (በዛሬዎቹ ላትቪያና ኢስቶንያ) የሰፈሩትን የጀርመን መስቀላውያን፣ መነኮሳት ፈረሰኞቹን፣ እዚያ ሐይቅ ላይ ድል ነሳ። ብረት የለበሱት ጀርመኖች በተሰነጠቀው ግግር ውስጥ ሲሰጥሙ ዓለም ያየው ግን በ1938 ነው፤ በሰርጌይ አይዘንሽታይን ፊልም። ትዕይንቱ በሞቃት ወራት፣ ሰው ሠራሽ በረዶ ላይ መቀረጹን ሳውቅ ሳቄ መጣ። የእኔም ምዕራፍ የተጻፈው በሞቃት ክፍል ውስጥ ነበር።

ወደ ጥንቶቹ ምንጮች ስትሄዱ የሰጠመ ሰው አታገኙም። የኖቭጎሮዱ ዜና መዋዕል 400 ጀርመኖች ወደቁ፣ 50 ተማረኩ ይላል፤ የሸሹትንም በግግሩ ላይ ሰባት ቬርስት ድረስ አሳደዷቸው ይላል። ቬርስት ከኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ የድሮ የሩስያ ልክ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ሯጭም አባራሪም ሰባት ኪሎ ሜትር የጋለበበት ግግር ነው። በተሸናፊዎቹ ወገን በግጥም የተጻፈው የሊቮንያ ዜና መዋዕል ደግሞ ከመነኮሳት ፈረሰኞቹ 20 ሞቱ፣ 6 ተማረኩ ይላል፤ ሙታኑ የወደቁት ሣር ላይ ነው ይላል። ሣር! ስለ ሐይቁ ከምናውቀው ሥዕል ሁሉ ደስ የሚለኝ ይህ ሣር ነው።

አውስተርሊትዝም እንደዚሁ ነው። ዲሴምበር 2 ቀን 1805 ናፖሊዮን ድል ካደረገ በኋላ፣ ሲሸሹ የነበሩ የሩስያ ወታደሮች በኩሬዎቹ ግግር ውስጥ በብዙ ሺህ ሰጠሙ ብሎ አስነገረ። ኩሬው ሲደርቅ የተገኘው ግን ጥቂት ሬሳ ብቻ ነበር፤ የሚበዛው የፈረስ አጥንትና መድፍ ነው። ድል አድራጊም እንደ ደራሲ ግግር ሲሰበር ማየት ይወዳል።

አሁን ወደሚሸከመው ግግር እንምጣ፤ ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ነው።

ሞንጎሎች የሩስያን መሳፍንት ለመውረር የመረጡት ክረምትን ነው። ሪያዛን በዲሴምበር 1237 ወደቀች፣ ቭላድሚር በፌብሩዋሪ 1238። አገሩ ጫካና ረግረግ ነው፤ ሠራዊት የሚያሳልፍ መንገድ የለውም ማለት ይቻላል። ወንዞቹ ሲጋገሩ ግን እያንዳንዱ ወንዝ ሰፊና ለጥ ያለ ጎዳና ይሆናል፤ ከተሞቹም ሁሉ የተሠሩት ወንዝ ዳር ነው። የከተማው ሰው ጠላት ከሜዳ ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ፣ ውሃ በሚቀዳበት በኩል መጣበት። ኖቭጎሮድ ተረፈች። የጸደይ ሙቀት ደረሰና መንገዱ ተመልሶ ውሃና ጭቃ ሊሆን ሲል ሞንጎሎች ፊታቸውን አዞሩ።

ከአራት ዓመት በኋላ ዳኑብ ወንዝ ላይ ያደረጉት ደግሞ ለማንኛችንም ልብ ወለድ ያስቀናል። በ1241 እና በ1242 መካከል ባለው ክረምት ሞንጎሎች የሃንጋሪን ምሥራቃዊ ክፍል ይዘዋል፤ ሃንጋሪዎቹ ከወንዙ ማዶ ሆነው በየቀኑ ግግሩን እየሰበሩ ይጠብቃሉ። ታሪኩን የጻፈው ሮጌሪዩስ የተባለ ካህን ነው፤ እሱ ራሱ በሞንጎሎች እጅ ወድቆ የነበረ ሰው። ውርጩ ሲበረታ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ተጋገረ። ይሸከማል? አይሸከምም? ሞንጎሎች አንድም ሰው አልላኩም። ብዙ ፈረስና ከብት ሰብስበው ወንዙ ዳር ያለ እረኛ ለቀቁና ራሳቸው ከዓይን ተሰወሩ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። ከማዶ ያሉት ጠላት ሄደ ብለው በግግሩ ላይ ተሻግረው መጡና ከብቱን በሙሉ እየነዱ ወሰዱት። ሞንጎሎች የፈለጉት ይህን ብቻ ነበር። ከብቱን ከነነጂው የተሸከመ ግግር ጦርም ይሸከማል። ተሻገሩ።

አንድ ጠብታ ደም ሳይፈስስ፣ በጠላት እግር የተለካ ግግር! እኔ ስድስት ሺህ ሰው አስጥሜ እንኳ ይህን የሚያህል ብልሃት አላሳየሁም።

ግግርን በድፍረት የተራመደው ግን የስዊድኑ ንጉሥ ቻርልስ አሥረኛ ጉስታቭ ነው። ዴንማርክ በ1657 ጦርነት ስታውጅበት በባሕሯ ተማምና ነበር፤ ዋና ከተማዋ ደሴት ላይ ናት። የዚያ ዓመት ክረምት ግን ከባድ ሆነና በደሴቶቹ መካከል ያሉት ወሽመጦች ተጋገሩ። ንጉሡ በ1658 መጀመሪያ ጦሩን ይዞ ትንሹን ወሽመጥ ተሻገረ። በውጊያው መሐል ግግሩ ሳስቶ ሁለት የፈረሰኛ ቡድን ሰጠመ፤ ቀሪው አለፈ። ከፊቱ ያለው ትልቁ ወሽመጥ ግን የባሕር ጉዞ ነው። መሐንዲሱ ኤሪክ ዳልበርግ ከጥቂት ፈረሰኞች ጋር ተልኮ ግግሩን ፈትሾ ተመለሰና ይሸከማል አለ። በሌሊት ጉዞ ተጀመረ። አብሮ የነበረው የፈረንሳይ አምባሳደር እንደጻፈው የፈረሶቹ ኮቴ በግግሩ ላይ ያለውን አመዳይ እየረገጠ አቀለጠው፣ ሰዉ በጨለማ በውሃ ውስጥ ይራመድ ጀመር፤ ከእግራቸው በታች ያለው የላይ ውሃ ይሁን ባሕሩ ራሱ የሚያውቅ አልነበረም። ደረሱ። በዚያው ወር ሮስኪልድ ላይ በተፈረመው ውል ዴንማርክ ስኮነን፣ ብሌኪንግን፣ ሃላንድን አጣች። እነዚያ አገሮች ዛሬም የስዊድን ናቸው። ድንበር ያዛወረው ለጥቂት ሳምንት ባሕሩ ላይ የቆመ ግግር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እዚህ ላይ ትንሽ ፊዚክስ ልጨምር፤ ለጸሐፊ ገንዘብ ነው። የጠራ፣ ጠቆር ያለ ግግር አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ከወፈረ እግረኛ ሰው ይሸከማል ይባላል። አመዳይ ተቀላቅሎበት የነጣው ግን የዚያን ግማሽ ያህል ነው የሚጸናው። አመዳይ ብርድ ልብስ ነው፤ ከላዩ ሲከመርበት ግግሩ ቶሎ አይወፍርም፣ ቀዳዳውንም ይሸፍናል። ወራጅ ውሃ ያለበት፣ ወንዝ የሚገባበት፣ ሸምበቆ የበቀለበት ይሳሳል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ፍጥነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሌኒንግራድ በተከበበች ጊዜ፣ ከኖቬምበር 1941 ጀምሮ፣ እህል በላዶጋ ሐይቅ ግግር ላይ በመኪና ይገባ ነበር። አንዳንዱ ከባድ መኪና በደህና ሲያልፍ ቀለል ያለው ይሰጥማል። የፊዚክስ ሰዎች ግግሩ ላይ መሣሪያ ተክለው ሲያጠኑ ነገሩ ተገለጠ። የሚሄድ ጭነት ግግሩን ወደ ታች ስለሚያጎብጠው ከሥሩ ማዕበል ይነሳል፤ የመኪናው ፍጥነት ከማዕበሉ ፍጥነት ጋር ሲገጥም ግግሩ እየተወዛወዘ ይሰነጠቃል። በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ አደገኛው ፍጥነት ነበር። ስለዚህ ሾፌሩ ወይ ቀስ ይላል፣ ወይ ከዚያ ያልፋል። እንግዲህ ድራጎን የምታሳርፉ ሰዎች፣ ክብደቱን ብቻ ሳይሆን ሩጫውንም አስቡ። በደመ ነፍስ የሚሸሽ ሠራዊት ቀስ ብሎ ከሚራመደው ይልቅ ለግግሩ ይከብዳል።

ግግር ላይ መዋጋትስ? በፌብሩዋሪ 1270 ካሩዜ ላይ፣ በተጋገረው የባልቲክ ባሕር ላይ፣ ሊቱዌንያውያን ከዘረፋ ሲመለሱ የሊቮንያ ፈረሰኞች ደረሱባቸው። ሊቱዌንያውያኑ ተንሸራታች ጋሪዎቻቸውን ደርድረው አጥር ሠሩ። ፈረሰኛው እየጋለበ መጣና እዚያ ተሰነቀረ። የመነኮሳት ፈረሰኞቹን ማኅበር አለቃ ኦቶን ጨምሮ 52 ባላባት ሞተ። ሜዳው ምንም መሸሸጊያ በሌለው ጊዜ ስንቅህን ያመጣህበት ጋሪ ግንብ ይሆናል ማለት ነው። የሰጠመ ሰው አይነገርም።

ወደ አመዳይ ልለፍ። ዜኖፎን የሚባለው ግሪካዊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ401 እና በ400 መካከል አሥር ሺህ ያህል ቅጥረኛ ወታደሮች በአርሜንያ ተራሮች ሲያልፉ የደረሰባቸውን ጻፈልን። እኔ ስለ ክረምት ጦርነት አንድ ምንጭ ብቻ አንብብ ብባል እሱን ነው የምመርጠው፤ ምክንያቱም ውጊያ የለበትም ማለት ይቻላል። እሳት ያነደዱት ሰዎች፣ እሳቱ አመዳዩን እያቀለጠ ጉድጓድ ሆኖ እስከ መሬት ይወርድ ስለነበር፣ ጥልቀቱን የለኩት በዚያ ነበር። ነጸብራቁ ዓይን እንዳያጠፋ ጥቁር ነገር ፊታቸው ላይ ይዘው የሄዱ ዳኑ። ጫማቸውን ሳያወልቁ የተኙት ማሰሪያው ሥጋቸው ውስጥ ገብቶ፣ ጫማው ከእግራቸው ጋር ደርቆ አደረ። የአንድ መንደር ሹም ደግሞ የፈረሶቻችሁን እግር በከረጢት ጠቅልሉ፣ ያለዚያ እስከ ሆዳቸው ይሰምጣሉ ብሎ አስተማራቸው። ልብ ወለዶቻችን ውስጥ በጉልበት ጥልቅ አመዳይ ላይ ሽምጥ የሚጋልበው ፈረሰኛ ይህን ሹም ቢያገኝ ጥሩ ነበር።

አመዳይ ሲወርድ ነፋሱን የያዘ ወገን ይጠቀማል። በማርች 29 ቀን 1461 እንግሊዝ ውስጥ ታውተን ላይ፣ ውሽንፍሩ ለዙፋኑ ከዮርክ ወገን ጋር በሚዋጋው በላንካስተር ወገን ፊት ላይ ይነፍስ ነበር። የዮርኩ አዛዥ ፎኮንበርግ ቀስተኞቹን አንድ ጊዜ አስወረወረና ወደ ኋላ መለሳቸው። ላንካስተሮች በዓይናቸው ሳያዩ መልስ ወረወሩ፤ ነፋስ የገታው ፍላጻ ሁሉ ባዶ ሜዳ ላይ ተተከለ። ዮርኮች ተመለሱና ከመሬት እየነቀሉ በዚያው ፍላጻ ወጓቸው። በኖቬምበር 1700 ናርቫ ላይ የ18 ዓመቱ ቻርልስ አሥራ ሁለተኛም ውሽንፍሩን ከጀርባው አድርጎ በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን የሩስያ ጦር ሰበረ። ነገሩ ግን ሁለት ስለት አለው፤ በፌብሩዋሪ 1807 አይላው ላይ የናፖሊዮን ማርሻል ኦዠሮ በውሽንፍር ውስጥ አቅጣጫ ስቶ ኮሩን በሙሉ የሩስያ መድፎች አፍ ላይ ወስዶ አስበላው።

አመዳይ ድምፅም ይውጣል። የቻይናውን ጄኔራል ሊ ሱን ታሪክ እወደዋለሁ። በ817 አመጸኛው ዉ ዩዋንጂ የያዛትን ካይዦ የተባለች ከተማ ለመያዝ በአንድ የውሽንፍር ሌሊት ዘጠኝ ሺህ ሰው ይዞ ተነሳ። ባንዲራው በነፋስ ተቀደደ፤ በየመንገዱ ሰውም ፈረስም ደርቆ ቀረ። ከተማዋ አጠገብ የዳክዬና የዝይ ኩሬ ነበር። ወፎቹን አስደበደባቸው፤ በጩኸታቸው የሠራዊቱ እርምጃ ጠፋ። ግንቡ ላይ የእግር መርገጫ እየቆፈሩ ወጡና የተኙትን ዘበኞች ገደሉ፤ ሌሊቱን ሰዓት እያንኳኳ የሚያስታውቀውን አንዱን ብቻ ተዉት፣ እንደ ወትሮው እያንኳኳ እንዲቀጥል። ለዉ ዩዋንጂ የመንግሥት ጦር ገባ ተብሎ ሲነገረው አላመነም። ወታደሮቼ የክረምት ልብስ ሊጠይቁኝ መጥተው ይሆናል አለ። ይህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ሙሉ ገጸ ባሕርይ አለ።

ውርጭ ግን ከሁለቱም የከፋ ነው፤ ውርጭን የሚያሸንፈው ቁርስ ነው። አትሳቁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ218 ዲሴምበር፣ ትሬቢያ ወንዝ ላይ፣ የካርታጎው ጄኔራል ሃኒባል ሮማውያንን ያሸነፈው በቁርስ ነው። በማለዳ የኑሚድያ ፈረሰኞቹን ልኮ የሮማን ሰፈር አስነካካ። የሮማውያኑ አዛዥ ሴምፕሮኒዩስ በንዴት ሠራዊቱን እህል ሳያቀምስ አስወጣ። ቀኑ አመዳይ ያለበት ነበር፤ ወንዙ ሌሊት በዘነበው ዝናብ ሞልቶ እስከ ደረት ይደርሳል። ተሻገሩት። ከማዶ የሃኒባል ሰዎች ጠግበው በልተው፣ እሳት ዳር ተቀምጠው ሰውነታቸውን ዘይት ይቀባሉ። ሮማዊው ሲደርስ ጣቱ ሰይፍ አይጨብጥም። የሃኒባል ወንድም ማጎ ደግሞ አንድ ሺህ ፈረሰኛና አንድ ሺህ እግረኛ ይዞ ቁጥቋጦ በሸፈነው የጅረት ቦይ ውስጥ አድፍጦ ነበር፤ ከኋላ ወጣባቸው። ደፈጣውን ሁሉም የጦር መጽሐፍ ያነሳዋል። እኔ ግን ሃኒባል ትልቁን ሥራ የሠራው ከመጀመሪያው ፍላጻ በፊት፣ እሳቱ ዳር ነው ባይ ነኝ።

ይህን የሚያስረግጠው ፊንላንድ ነው፤ ብዙ የምቆይበትም እዚህ ነው። ሶቪየት ኅብረት ኖቬምበር 30 ቀን 1939 ወረረቻት። በሰሜን፣ ሱኦሙሳልሚ አካባቢ፣ የሶቪየት 44ኛው ክፍለ ጦር ራቴ በሚባል አንድ ጠባብ የጫካ መንገድ ገባ፤ ታንክ፣ መድፍ፣ መኪና፣ ፈረስ፣ ወጥ ቤት፣ ሁሉም አንድ ሰልፍ ላይ። በጃንዋሪ መጀመሪያ እዚያ ቦታ የቀን ብርሃን የሚቆየው ለአራት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ አመዳዩ ወገብ ይደርሳል፤ ስኪ፣ ማለትም በአመዳይ ላይ የሚንሸራተቱበት ረጅም የእግር ሰሌዳ፣ የሌለው ሰው ሃያ እርምጃ ሄዶ ይደክማል። ስለዚህ መንገዱ ለሶቪየቶቹ ቀጭን ደሴት ሆነባቸው። ለፊንላንዳውያን በስኪ የሚሄዱበት ጫካው ሁሉ መንገድ ነው፤ በተጋገሩ ሐይቆች ላይም የራሳቸውን የክረምት መንገድ ጠርገው ከጎን ስንቅ ያመላልሱ ነበር።

አዛዡ ሂያልማር ሲላስቩኦ ሰልፉን በአንድ ጊዜ ሊውጠው አልሞከረም፤ ቆራረጠው። ፊንላንዳውያን ሞቲ ይሉታል። ሞቲ ማለት ተቆርጦ የተከመረ የማገዶ ክምር ነው፤ እንጨት ቆራጭ በሜትር የሚለካው። ግንዱን ከቆረጥክ በኋላ እያንዳንዱን ጉማጅ በጊዜህ ትፈልጠዋለህ። ነጭ የለበሱ ጥቂት ሰዎች በጨለማ ከጫካ ወጥተው ለደቂቃዎች ይተኩሱና ይሰወራሉ። የመጀመሪያ ኢላማቸው ምን ነበር? ታንክ አይደለም። የጦር ሜዳው ወጥ ቤት ነው፤ ከዚያ የሚሞቁበት እሳት። ትኩስ ሾርባ ያጣ፣ እሳት ቢያነድ የሚተኮስበት፣ ባያነድ የሚደርቅ ሰው ሦስተኛው ሌሊት ላይ ወታደር መሆኑ ይቀራል። አጥቂዎቹ ግን ተኩሰው ሲመለሱ የሚጠብቃቸው በተንሸራታች ጋሪ የተጎተተ፣ ምድጃ ያለው ድንኳን ነበር፤ ተራ በተራ ይተኛሉ። በጃንዋሪ 7 ቀን 1940 ነገሩ አለቀ፤ ክፍለ ጦሩ ተበተነ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም ይጥማል፤ ብዙዎችም እዚህ ያቆሙታል። ግን በማርች 1940 ያው ውርጭ የቪፑሪን ወሽመጥ አጋገረውና የሶቪየቱ ቀይ ጦር በግግሩ ላይ ከፊንላንድ መከላከያ ጎን ወጣ። ግግሩ ተሸከመ። ማርች 13 ሰላም ሲወርድ ፊንላንድ መሬት ሰጥታ ነው። ክረምት ወገን የለውም፤ ሩስያን ከወራሪ የሚጠብቃት «ጄኔራል ክረምት» ነው የሚለውን አባባል ስሰማ የምቆጣው ለዚህ ነው።

ናፖሊዮንም ቢሆን በ1812 ሠራዊቱን ያጣው በውርጭ ብቻ አይደለም፤ ሞስኮ ሳይደርስ በሙቀት፣ በበሽታና በረሃብ ብዙውን አጥቶ ነበር። ሲመለስም ፈረሶቹ ጫማ ላይ ለግግር የሚሆን ሹል ምስማር ስላልነበረ በየዳገቱ እየተንሸራተቱ ቀሩ። በኖቬምበር መጨረሻ ቤሬዚና ወንዝ ላይ ሲደርስ የገጠመው መከራ ደግሞ የብርድ ሳይሆን የሙቀት ነው። አየሩ ላላ ብሎ ግግሩ ቀልጦ ነበር። ተጋግሮ ቢያገኘው በእግሩ ይሻገራል። እንዳይሆን ሆኖ የጄኔራል ኤብሌ 400 ያህል ድልድይ ሠሪዎች የበረዶ ቁራጭ በሚገፋው ውሃ ውስጥ ቆመው ሁለት ድልድይ ተከሉ፤ ከእነሱ አብዛኞቹ አልተረፉም። ፈጽሞ ተቃራኒው ጃንዋሪ 3 ቀን 1777 ፕሪንስተን ላይ የሆነው ነው። የአሜሪካዊው ጄኔራል ዋሽንግተን ጦር በጭቃ ተይዞ ነበር፤ ሌሊቱን ውርጭ ወረደና መንገዱ ደረቀ። የሰፈሩን እሳት እንደነደደ ትቶ፣ የመድፉን መንኮራኩር በጨርቅ ጠቅልሎ ከጠላት ጎን ዞሮ ሄደ።

ስለ በረዶ ናዳ አጭር ነው የምለው። ጀግና በጩኸት ወይም በመለከት ናዳ አያወርድም፤ ድምፅ አይበቃም፤ ፍንዳታ ወይም የሰው ክብደት ነው የሚቀሰቅሰው። ናዳ ወዳጅ ከጠላት አይለይም። ዲሴምበር 13 ቀን 1916 ማርሞላዳ ተራራ ላይ የኦስትሪያ ሰፈር ከጣልያን መድፍ የሚሸሸግበት ቦታ ተመርጦ ነበር የተሠራው፤ ከመድፍ ሸሸገው፣ ከተራራው ግን አልሸሸገውም። 270 ያህል ሰው ተቀበረ። የሰፈሩ አዛዥ አስቀድሞ ቦታ እንዲቀየር ጠይቆ አልተፈቀደለትም።

አሁን ወደ እኛ ወደ ምናብ ሰዎች። ከሰሜን የሚመጣ፣ የማይበርደው፣ የማይተኛ የሙታን ሠራዊት ሁላችንም እናውቃለን። አስፈሪነቱን የምንፈልገው በዓይኑና በጥርሱ ነው። ራቴን ካነበብኩ በኋላ ግን ሌላ ታየኝ፦ እንዲህ ያለ ሠራዊት ወጥ ቤት የለውም። እሳቱን ልትተኩስበት አትችልም፤ ቁርሱን ልትከለክለው አትችልም። የሃኒባልም የሲላስቩኦም ብልሃት እዚያ ላይ ይመክናል። በሕያዋኑ ወገን ደግሞ እሳት ያስፈልጋል፤ እሳት ማገዶ ይፈልጋል፤ ማገዶ የሚቆርጥ ሰው ከግንቡ መውጣት አለበት። የመጀመሪያው ውጊያ እዚያ፣ ከማገዶ ቆራጮቹ ጋር ነው መሆን ያለበት። ሙታኑ በአንድ ነገር ግን እንደ ሕያዋኑ ናቸው፤ ክብደት አላቸው፣ እኩል ይራመዳሉ። ሰልፍ አሳምሮ ግግር ላይ የሚራመድ ሠራዊት ደግሞ… ላዶጋን አስታውሱ።

በረዶ የሚያወርድ ጠንቋይ ያላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ ጠላት ላይ አታውርዱት። ወንዝ ላይ ይጠቀምበት፣ በሌሊት። ጠዋት የከተማው ሰው ውሃ ሊቀዳ ሲወርድ መንገድ ያግኝ።

«እና ግግር መቼም አይሰበር?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ይሰበራል። በማርች 1921 የቀይ ጦር ነጭ ለብሶ በተጋገረው የፊንላንድ ባሕረ ሰላጤ ላይ መርከበኞች ያመጹበትን የክሮንስታድት ምሽግ ሲያጠቃ የምሽጉ መድፍ ግግሩን እየበሳ ብዙ ሰው አሰጥሟል። በመጨረሻ ግን ምሽጉ ተያዘ፤ የተያዘውም ያው ግግር ላይ በመጡ ሰዎች ነው።

ያን ምዕራፍ እንደገና ጻፍኩት። ስድስት ሺው ፈረሰኛ አሁን የጀግናዬ ነው፤ ሐይቁን መሻገር ያለበትም እሱ ነው። አንዲት ቃፊር በሆዷ ተኝታ በመጥረቢያ ግግሩን ትበሳና ክንዷን እስከ ክርኗ ከታ ውፍረቱን በስንዝር ትለካለች። ፈረሰኛው ይወርዳል፣ ፈረሱን እየሳበ አሥር አሥር እርምጃ ተራርቆ ይሄዳል፤ መሮጥ ክልክል ነው። አንዲት ተንሸራታች ጋሪ ብቻ ሸምበቆው አጠገብ ትሰጥማለች። ሰው አልሞተም። ጋሪዋ የያዘችው ማገዶ ነበር። ምዕራፉ የሚያልቀው ማዶ ላይ፣ ለስድስት ሌሊት ያሰቡት እንጨት ለአራት እንደሚበቃ ሲቆጥሩ ነው።

ለወዳጄ ላክሁለት። ከገጹ ዳር በእርሳስ ጽፎ መለሰልኝ፦ «እንጨቱ እርጥብ ነው ደረቅ?»